ግዛቸውና ከሳሹ ቴክሳስ

ግዛቸው ሲስቅ ድምፅ አይወጣውም ነበር፤ ትከሻው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ ካላየው መሳቁን አያውቅም። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ በምትባል ከተማ፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ፣ እኔ ከታች እሱና ባለቤቱ ከበቡሽ ከላይ ሆነን ኖረናል። ልጃቸውን ዜማን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ጎረቤት ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ የክርስትና ልጄን አባት ስለወሰደው ነገር ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የፍርድ ቤቱን ነገር ያየሁትን እንዳየሁት፣ የነገሩኝን እንደነገሩኝ አስቀምጣለሁ።

ትውልዱ ደብረ ታቦር ነው። በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፤ ሬዲዮ ተሸክሞ መልእክት የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ወታደር። ደርግ ገና ሳይወድቅ ክፍሉ ግንባር ላይ ሲበተን፣ ከድተሃል እንዳይሉት ሸሽቶ እግሩ ወደ ሱዳን መራው። ገዳሪፍ ላይ ከሸምሱ ጋር ተገናኙ። ሸምሱ የከሚሴ ልጅ ነው፤ ነጋዴ፣ አፉ አርፎ የማያውቅ። ሁለቱ አንድ ፍራሽ ተጋርተው ከረሙ። አንዱን ወባ ሲጥለው ሌላው ውሃ ይቀዳለታል። በፈረንጅ 1990 በስደተኛነት ዳላስ ገቡ፤ ሁለቱም ታክሲ ነጂ ሆኑ፤ በአንድ ግቢ ፊት ለፊት ቤት ተከራዩ። ከበቡሽ በኋላ መጥታ ተቀላቀለች። ሸምሱ ሚስት አላገባም። «የግዛቸው ሚስት ለሁለታችንም ትቆጣለች፣ ሁለተኛ ምን ያደርግልኛል?» ይል ነበር።

ጠቡ የተነሳው እሑድ ቀን ነው። ዜማ ያኔ ጥርስ አላወጣችም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሸምሱ ፓርኪንጉ ላይ የታክሲውን ጎማ ሊቀይር ቁጢጥ ብሏል። ግዛቸው ኮቱን አውልቆ ሊያግዘው ሄደ። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ ነበርና ሰምቻለሁ። እንደ ልማዳቸው ይፎጋገራሉ።

«ወታደር፣ ቀስ በል፣ ጎማው አይሸሽም» አለው ሸምሱ።

«አንተ ያዝ ብቻ።»

«እኔማ እይዛለሁ። የምትጥለው አንተ ነህ። ኧረ እውነት፣ ያንን ሬዲዮ ስትጥለው ጓደኞችህ ገና እየጠሩህ ነበር አሉ። ግዛቸው፣ ግዛቸው፣ ይሰማል? እያሉ።»

ግዛቸው ቀና አለ። «ድገመው» አለው፤ በቀስታ ነው ያለው።

ሸምሱ ጨዋታ መስሎት ደገመው። ግዛቸው ሸሚዙን ጨምድዶ ያዘው። ሸምሱ በእጁ የነበረውን የጎማ መፍቻ ብረት አነሳና ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ያን ጊዜ ግዛቸው ብረቱን ነጥቆ መታው፤ አንዴ፣ ጭንቅላቱን። ደሙ እስከ ደረቱ ወረደ።

ከላይ በረንዳ ላይ አንዲት ፈረንጅ ጎረቤታችን ፖሊስ ኮል አደረገች። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሁለቱ አስፋልቱ ላይ ተቀምጠው፣ ግዛቸው ደሙን ለማቆም ኮቱን የሸምሱ ጭንቅላት ላይ ተጭኖ ይዞ ነበር። ብረቱ ግን አጠገቡ ነበር። ሸምሱ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው «ወንድሜ ነው፣ ችግር የለም፣ ሂዱ» ይላቸዋል። ማን ሰምቶት። አንዱን በአምቡላንስ፣ አንዱን በካቴና ወሰዱ።

ግዛቸው በዋስ ወጣ። ሸምሱም ጭንቅላቱ ተሰፍቶ ቤቱ ገባ። ግን ፊት ለፊት እየኖሩ አይተያዩም። ከበቡሽ መጋረጃውን ዘግታ ትውላለች። ይኼ እንዴት ይሆናል ተብሎ ሽማግሌ ተቀመጠ።

የሽማግሌዎቹ አውራ አቶ በየነ ነበሩ። ጎንደር አውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው የሠሩ፣ እዚህ ደግሞ ሆቴል በር ላይ እንግዳ የሚያመላልስ ቫን የሚነዱ። ቃላቸው ይከበራል። «ደም የፈሰሰበት ነገር በሻይ አይታረቅም። ድንጋይ ይሸከማል» አሉ። አጥፊው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል፤ ተበዳዩ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ያነሳ ርጉም ነው። የአገራችን ዕርቅ ይኼ ነው።

ድንጋይ ከየት ይምጣ? ጋርላንድ ውስጥ ድንጋይ የሚገኘው የአፓርትመንቱ ማናጀር አበባ ዙሪያ ነው። ግዛቸው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከአበባው ሥር አንድ ነጭ ድንጋይ አንስቶ ተሸከመ። ማናጀሯ ከቢሮዋ ብቅ ብላ «ድንጋዬን ወዴት?» ብላ ጮኸች። አቶ በየነ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እንመልሳለን እመቤቴ፣ ለጸሎት ነው» አሏት። አፏን ከፍታ ቀረች።

ሸምሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠምጥሟል። ግዛቸው ከፊቱ ተንበረከከ።

«ቶሎ አውርዱለት» አለ ሸምሱ፣ «ይኼንንም እንዳይደግመኝ።»

ያለቀሰውም ሳቀ። ግዛቸው ግን አልሳቀም። «አጥፍቻለሁ። ስለ ፈጣሪ ይቅር በለኝ» አለ።

ሸምሱ ድንጋዩን አወረደለትና አቀፈው። ከዚያ «እኔም እኮ ነበርኩበት፣ መጀመሪያ የመታሁት እኔ…» ብሎ ሲጀምር አቶ በየነ በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«ሸምሱ፣ ይብቃህ። የተበደለ ሰው አይናዘዝም። ጥፋቱን አንድ ሰው ይሸከመዋል፣ ሌላው ይምረዋል። አንተም አንተም ተብሎ ከተቆጠረ ነገሩ እንደገና ይወለዳል።»

ሸምሱ የጀመረውን ተወው። የዚያን ዕለት ከበቡሽ ዶሮ ሠራች፤ ሸምሱ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ ለብቻው ዓሣ ተጠበሰለት። እንዲህ ሆኖ ነገሩ አለቀ። ለኛ አለቀ።

ፍርድ ቤት የተቀጠረ ዕለት ሁላችንም ዳላስ ወረድን። አቶ በየነ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እኔና ከበቡሽ ነጠላችንን፣ ሸምሱ ደግሞ ግዛቸውን በራሱ ታክሲ ይዞ። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ መኪና መጡ ማለት ነው፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ ነበር የመሰለን። ለዳኛው ዕርቁን ነግረን፣ ምርቃት ተቀብለን የምንመለስ ነበር የመሰለን።

መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ክራባቱ የተጣመመ ቀጭን ወጣት ነው፤ ብብቱ ሥር የሌሎች ብዙ ሰዎች ፋይል ይዟል። አስተርጓሚዋ ዕፀ ሕይወት የምትባል፣ ቤድፎርድ የምትኖር፣ በልጅነቷ የመጣች ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ደህና ነው፤ እንግሊዝኛ ጣል ታደርግበታለች እንጂ።

«ንገሪው ልጄ» አሏት አቶ በየነ፤ «ጉዳዩ በሽምግልና አልቋል። ከሳሹም ይኸው፣ ክሱን አንስቷል በይው።»

ነገረችው። ጠበቃው ሰማና ራሱን ነቀነቀ።

«እ… ጋሼ፣ ማለቴ፣ ከሳሹ እሱ አይደለም ነው የሚለው» አለች። «ኬዙ የሱ አይደለም። የቴክሳስ ነው። ወረቀቱ ላይ ቴክሳስ በግዛቸው ላይ ነው የሚለው። እሱ ምስክር ብቻ ነው።»

«ቴክሳስን ምን አደረጋት?» አሉ አቶ በየነ።

«የተፈነከተው የኔ ጭንቅላት ነው» አለ ሸምሱ፣ ጠባሳውን እያሳየ። «ቴክሳስ ያን ቀን የት ነበረች? እስቲ ትምጣና ጠባሳዋን ታሳየን።»

ዕፀ ሕይወት ስትተረጉምለት ጠበቃው ሳቀ። ከዚያ ግን ቁም ነገሩን አስረዳን። እዚህ አገር ወንጀል ሲሆን የተጎዳው ሰው ምሬዋለሁ ቢልም ነገሩ አይቀርም፣ ክሱ የመንግሥት ነው። መንገዱ ሁለት ነው አለ። አንዱ ክርክር ነው፤ ከሕዝቡ የተጠሩ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ጁሪ የሚሏቸው፣ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ዐቃቤ ሕጉ ማጥፋቱን ማስረዳት አለበት፤ አሥራ ሁለቱ በአንድ ድምፅ ጥፋተኛ ካላሉት አይፈረድበትም። «መጀመሪያ በብረት የመታው ሚስተር ሸምሱ ከሆነና ይኼን ከተናገረ፣ ራሱን ሲከላከል ነው ብለን እንከራከራለን። እናሸንፋለን አልልም፣ ግን ልናሸንፍ እንችላለን» አለ። ሁለተኛው መንገድ ስምምነት ነው። ግዛቸው ጥፋተኛ ነኝ ይላል፤ ሁለት ዓመት ይፈረድበታል፣ ግን በገደብ፤ እስር ቤት አይገባም፣ ዛሬውኑ ቤቱ ይሄዳል።

«ግሪን ካርዱስ?» ብላ ጠየቀች ከበቡሽ። አስተዋይ ናት።

ጠበቃው ደብተሩን አገላብጦ አየ። ዛሬ ባለው ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ ሁለት ዓመት በገደብ ከአገር አያስወጡትም አለ። ውሸት አልነገራትም። ያኔ ሕጉ እንደዚያ ነበር።

ሸምሱ ግዛቸውን ወደ መስኮቱ ስቦ ወሰደው። «ስማ፣ እኔ እናገራለሁ። መጀመሪያ መታሁህ እኮ። ለአሥራ ሁለቱም እነግራቸዋለሁ።»

ግዛቸው መልስ ከመስጠቱ በፊት አቶ በየነን አያቸው። እሳቸውም ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እኔ አላስገድድህም» አሉ። «ግን ድንጋይ ተሸክመህ አጥፍቻለሁ ብለሃል። አሁን እዚያ ገብተህ አላጠፋሁም ካልክ፣ ያኛው ምን ነበር? ዕርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ደግሞ ሸምሱ ቆሞ ጥፋቱን ሲዘረዝር፣ አንተም የሱን ስትዘረዝር፣ እንደገና ጠላት ሆናችሁ ነው የምትወጡት። ያመነ ሰው ይማራል፤ ይኼ በየትም አገር ያው ነው።»

ማንም አልተቃወመም። ሸምሱ ብቻ «እኔ አልጣላውም፣ ምን ሆናችሁ» ሲል ነበር።

«ተወው ሸምሱ» አለ ግዛቸው። «አፌ ሁለት አይሆንም።»

ዳኛዋ ሽበታም ሴት ነበሩ፤ ድምፃቸው ልስልስ ያለ። ብዙ ጠየቁት። ማንም አስገድዶሃል ወይ? የለም። ቃል የገባልህ አለ ወይ? የለም። በጁሪ የመዳኘት መብትህን ትተሃል ወይ? አዎ። የአሜሪካ ዜጋ ካልሆንክ ይኼ ቃልህ ከአገር ሊያስወጣህ እንደሚችል ገብቶሃል ወይ? ግዛቸው ጠበቃውን አየው፤ ጠበቃው ለሁሉም የሚጠየቅ ነው እንደማለት ነቀነቀለት። «ገብቶኛል» አለ። በመጨረሻ ጥፋተኛ ነህ ወይ ሲሉት፣ እግራቸው ሥር የወደቀ ይመስል ጎንበስ ብሎ፣ «አጥፍቻለሁ» አለ። ዕፀ ሕይወት ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ዳኛዋ ጻፉ።

ከበቡሽ ልጇን እንዳቀፈች እልል ልትል ስትል ዘቡ አፈጠጠባት፤ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

የገደቡን ሁለት ዓመት እንደ ንስሐ ነው የፈጸመው። በየወሩ ለገደብ ተቆጣጣሪው ይቀርባል፤ ለዕፅ ምርመራ በዕቃ ሽንት ስጥ ሲሉት ይሰጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሮውሌት በምትባል ጎረቤት ከተማ፣ ሐይቁ ዳር፣ ብርቱካንማ ሰደርያ አልብሰው ቆሻሻ ያስለቅሙታል። የሚያደርሰው ሸምሱ ነው። ታክሲውን ጥግ አቁሞ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይጮህበታል። «ያንን ጠርሙስ አለፍከው! ቴክሳስ ታየሃለች!» ግዛቸው ጀርባውን እንደሰጠው ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ዜማ እዚያ ሐይቅ ዳር ነው መራመድ የለመደችው።

ገደቡ ሲያልቅ ሲቲዝን ለመሆን አመለከተ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያመለክት ነበር፤ እኔም ጭምር። የዜግነት ፈተናውን ጥያቄ አብረን አጠናን። እሱ ይጠይቀኛል፣ እኔ እሳሳታለሁ።

«የመንግሥት ሦስቱ ክፍሎች ምን ምን ናቸው እትዬ?»

«ሕግ አውጪ… ፕሬዚዳንቱ… ሌላው ጠፋኝ።»

«ሌላውማ እኔ የማውቀው ነው። ፍርድ ቤት። እኔን ያየ አይረሳውም» ይለኛል።

ዳኛ ሕግ አያወጣም፤ የወጣውን ይተረጉማል። ከሁሉ በላይ ዋሽንግተን ያለው ነው፣ ዘጠኝ ዳኞች አሉት። ይኼን ሁሉ ያስጠናኝ ግዛቸው ነው።

ለቃለ መጠይቁ ሸምሱ ነው የወሰደው። ጥያቄውን ሁሉ መለሰ። ከዚያ የኢሚግሬሽኑ መኮንን ታስረህ ታውቃለህ ወይ አለው፤ ግዛቸው ሳይደብቅ ሁሉንም ነገረው። መኮንኑ አንድ ጊዜ ቆይ ብሎ ወጣ። በሌላ በር ሁለት ሰዎች ገብተው አሰሩት። ሸምሱ ፓርኪንጉ ላይ ሊያከብረው ኬክ ይዞ ተቀምጧል። መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶ ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ እሱ አልወጣም። ሸምሱ ኬኩን ይዞ ከበቡሽ ቤት ገባ፤ ምን ብሎ እንደሚነግራት ጠፍቶት በሩ ላይ ቆመ።

ያኔ ነው የሕጉን መለወጥ የሰማነው። ዕፀ ሕይወት እኔ ቤት መጥታ አስረዳችን። ዱሮ ከአገር የሚያስወጣው አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ነበር። ባለፈው ዓመት ሕግ አውጪዎቹ አንድ ዓመት ይበቃል አሉ፤ በገደብም ቢሆን ይቆጠራል፤ ከሕጉ በፊት የተፈረደውም ይቆጠራል።

አቶ በየነ ተቆጡ። «ሕግ ወደኋላ አይሠራም። እኔ ጽሕፈት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ።»

«ጋሼ፣ እሱ ለቅጣት ነው። ዲፖርት ማድረግ ቅጣት አይደለም ይላሉ።»

«ታዲያ ሽልማት ነው?» አለ ሸምሱ።

ማንም አልሳቀለትም።

የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የተባለው አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ግዛቸውን ካሰሩበት ሩቅ ቦታ አምጥተው አቀረቡት። ከስቶ፣ ልብሱ ሰፍቶት። ሸምሱ ለመመስከር ቆመ። እጁን አንስቶ ማለ። «መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ። ብረቱም የኔ ነው። ያዳነኝ፣ ደሜን ያቆመልኝ እሱ ነው» አለ። እንዲህ ረጋ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ዳኛው እስኪጨርስ ሰሙት። ክፉ ሰው አልነበሩም። «አምንሃለሁ» አሉት። «ግን እኔ ያንን ፍርድ ገልብጬ የማየት ሥልጣን የለኝም። ወረቀቱ ጥፋተኛ ነኝ ብሏል፣ ሁለት ዓመት ይላል። ከወረቀቱ ጀርባ መሄድ አልችልም።» ግዛቸውን ደግሞ ወደ አገርህ ብትመለስ የሚያስፈራህ አለ ወይ አሉት። እሱ የሸሸው ደርግን ነው፤ ደርግ ወድቋል። ምን ይበል? «የሚያስፈራኝ ልጄን አለማየት ነው» አለ። ያ በሕጉ ውስጥ እንደ ፍርሃት አይቆጠርም።

ኮሪደሩ ላይ ዕፀ ሕይወት ሌላ ነገር ነገረችን። እኚህ ዳኛ፣ ዳኛ ይባሉ እንጂ፣ ከዚያ ካጠናነው ከሦስተኛው ክፍል አይደሉም። የሚቀጠሩት በፍትሕ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ነው። ግዛቸውን ያሰሩትም የዚያው መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው።

«እንግዲያ» አለ ሸምሱ፣ «ከሳሹም ዳኛውም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።»

«እንደሱ በለው» አለች።

ወደ መጀመሪያዋ ዳኛ ተመለስን፤ ያ ፍርድ እንዲነሳልን። ሌላ ጠበቃ ተይዞ፣ ማመልከቻ ገብቶ፣ ብዙ ጠብቀን። ሽበታሟ ሴትዮ ይበልጥ ሸብተዋል። ሸምሱ እንደገና መሰከረ። አቶ በየነም ቆሙ፤ ስለ ድንጋዩ ሊያስረዱ ሞከሩ። «እሱ ለኛ ያመነው ለዕርቅ ብሎ ነው እንጂ ለእናንተ ሕግ አይደለም። እኔ ነኝ የመከርኩት» አሉ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጧቸው።

«ያን ቀን ሁሉንም ጠይቄዋለሁ» አሉ ዳኛዋ። «ማንም አላስገደደኝም ብሎኛል። ከአገር ሊያስወጣ እንደሚችልም ነግሬዋለሁ፣ ገብቶኛል ብሎኛል። ሚስተር ሸምሱ ዛሬ የሚናገረውን መስማት የነበረባቸው አሥራ ሁለቱ ነበሩ። ያኔ አልተጠሩም። ከአገር መውጣቱ ደግሞ የኔ ጉዳይ አይደለም፣ የፌዴራሎቹ ነው።» ይኼን ሲሉ ወደ ከበቡሽ አላዩም።

በአንድ ግቢ ሁለት ቤት ማለት ነው። አንዱ የቴክሳስ፣ አንዱ የፌዴራል። ያኛው ቤት በዚህኛው ፍርድ አልገባም ይላል፤ ይኼኛው ቤት በዚያኛው ጣጣ አልገባም ይላል። ግዛቸው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የኢሚግሬሽኑ ይግባኝም ቨርጂኒያ ወዳለው ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ሄዶ፣ አይሆንም በሚል አጭር መልስ ተመለሰ። የቀረው ኒው ኦርሊንስ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነበር። ጠበቃው ጉዳዩን እዚያ ላከ። ግን ጉዳዩ እዚያ መድረሱ ብቻውን መባረሩን አያስቆምም ብሎ አስቀድሞ ነገረን።

እስር ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የሄድነው በሸምሱ ታክሲ ነው፤ ከበቡሽ፣ ዜማና እኔ። በመስታወት በኩል በስልክ ነው የሚነጋገሩት። ዜማ አምስት ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት ጀምራለች፤ አማርኛዋ መሰበር ጀምሯል። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣

«ዳዲ፣ ሶሪ አልክ?» አለችው።

«አልኩ የኔ እናት።»

«ለሸምሱ አልክ?»

«አልኩት።»

«እሱ ኦኬ አለ?»

«ኦኬ አለ።»

«ሶ ለምን አትመጣም?»

 ዘቡ ሰዓት አልቋል ብሎ ምልክት ሰጠ። ከበቡሽ ስልኩን ከልጅቷ ስትወስድ መስመሩ ተዘግቷል። ሸምሱ አልገባም ብሎ ውጭ ነበር። እስከ ጋርላንድ ድረስ አንድም ቃል አልወጣውም። ሸምሱ ዝም ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ልማዱ ሆነ።

የሚወስዱበትን ቀን አይነግሩም። ከበቡሽ እንደ ወትሮዋ ደውላ ስትጠይቅ እዚህ የለም አሏት። ወዴት? አናውቅም። ከጥቂት ቀን በኋላ ከአዲስ አበባ፣ ከአጎቱ ልጅ ቤት ደወለ። «ደረስኩ» አለ። ደህና ነኝ አላለም። «ልጄን ይዘሽ እንዳትመጪ። እዚህ ምንም የለኝም። ትምህርቷን እዚያው ትማር። እኔን አትጠብቂኝ» አላት። አትጠብቂኝ ያለው እንደሱ ባለ ወንጀል የወጣ ሰው ዕድሜ ልኩን አይመለስም ስላሉት ነው። ከበቡሽ «እሺ» አለችው። ያን «እሺ» ስትል ፊቷን አይቼዋለሁ፣ አልጽፈውም።

አቶ በየነ ከዚያ ወዲህ ሽምግልና አልተቀመጡም። ሰው ሲጠራቸው «ወገቤን አሞኛል» ይላሉ።

የኒው ኦርሊንሱ መልስ የመጣው ግዛቸው ከሄደ ከወራት በኋላ ነው። ዕፀ ሕይወት ከቤድፎርድ ድረስ መጥታ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን አነበበችልን። ከበቡሽ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ሸምሱ የታክሲውን ሞተር ሳያጠፋ ቆሞ።

«ተበድሏል አይልም፣ አልተበደለምም አይልም» አለች። «እንዲህ ያለ ጉዳይ እንዳንሰማ አዲሱ ሕግ ሥልጣናችንን ወስዶታል ነው የሚለው። ሳይሰሙት ነው የዘጉት።»

«ከዚያ በላይስ?» አለች ከበቡሽ። «ዋሽንግተን አለ አይደል? ዘጠኙ?»

«አለ። ግን የሚሰሙትን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። ከሚላክላቸው ብዙ ሺህ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ።»

«ይሰሙን ይሆን?»

ዕፀ ሕይወት ወረቀቱን አጠፈችው። «አይመስለኝም፣ እታለም።»

ከበቡሽ ተነሳች። ቀሚሷን ከኋላ አራገፈች። ሸምሱን አየችውና፣

«ነገ ዜማን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት የለም» አለችው። «የጠዋት ሺፍት ሰጡኝ።»

«እኔ አደርሳታለሁ» አለ ሸምሱ።